ላቴክስ ቅንጣት ውስጥ ምን አለ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ላቴክስ ነው የምሠራው» ስል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የሐኪም ጓንት ነው። እኔ የምሠራው ግን የግድግዳ ቀለም ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ግድግዳ ላይ የሚይዘውን ነጭ ፈሳሽ ነው። ቤት እያሠራ ያለ ጎረቤት፣ ቀለም ቀቢ፣ የኬሚስትሪ ተማሪ፣ አልፎ አልፎም ሥራዬ ግራ የገባት አክስቴ፤ ሁሉም የሚጠይቁኝ ተቀራራቢ ነገር ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ላቴክስ ከጎማ ዛፍ የሚወጣው ወተት አይደለም እንዴ?

እሱም ነው። የመጀመሪያው ላቴክስ እንዲያውም እሱ ነው፤ የጎማ ዛፍ ልጡ ሲበጣ የሚፈሰው ነጭ ፈሳሽ። ሰው ሠራሹ ደግሞ የዚያን ዓይነት ነገር ፋብሪካ ውስጥ መሥራት ነው። ውሃ ውስጥ የተበተኑ፣ በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ኳሶች ናቸው። ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 500 ናኖሜትር ነው። የፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖሜትር ነው ብንል፣ ባለ 150 ናኖሜትር ኳሶችን በፀጉሯ ስፋት ብትደረድሩ ከ500 በላይ ይሰለፋሉ።

ነጭ የሆነውም ወተት ነጭ በሆነበት ምክንያት ነው። በወተት ውስጥ የተበተነው ስብና ፕሮቲን ብርሃኑን ይበትነዋል። በላቴክስ ውስጥ ይህን የሚያደርጉት ኳሶቹ ናቸው። ኳሶቹ በጣም ካነሱ ፈሳሹ ነጭነቱን እየተወ ሰማያዊ ጥላ ያለው፣ ግማሽ የሚያሳይ ነገር ይሆናል። የለመደ ሰው ጠርሙሱን ወደ መስኮት አንስቶ በማየት ብቻ «ይቺ ከ100 ናኖሜትር በታች ናት» ሊል ይችላል።

ሰው ሠራሹ በብዛት የመጣው በጦርነት ምክንያት ነው። በ1942 ጃፓን ደቡብ ምሥራቅ እስያን ስትይዝ አሜሪካ የተፈጥሮ ጎማ የምታገኝበት በር ተዘጋባት። ያለ ጎማ መኪናም አውሮፕላንም የለም። መንግሥትና ኩባንያዎች ተባብረው ቡታዳይንና ስታይሪን የተባሉ ኬሚካሎችን ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ ወደ ጎማ የሚለውጡ ፋብሪካዎችን በጥድፊያ ሠሩ። በ1945 የዓመቱ ምርት ከ700 ሺህ ቶን በላይ ደርሶ ነበር።

ኳሷ እንዴት ነው የምትሠራው?

ሪአክተሩ፣ ማለትም ሥራው የሚካሄድበት ጋን ውስጥ አራት ነገር ይገባል። ውሃ። ሞኖመር፣ ማለትም ገና ያልተያያዘው ጥሬ ዕቃ። ሰርፋክታንት፣ ማለትም ሳሙና መሰል ነገር። አራተኛው ማስጀመሪያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ፐርሰልፌት። ኦክስጅኑ በናይትሮጅን ይባረራል፣ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ይወጣል፣ ማማሰያው ይዞራል።

ብዙ ሰው የሞኖመሩ ጠብታ ራሱ የሚደርቅና ኳስ የሚሆን ይመስለዋል። አይደለም። ሳሙናው ውሃው ውስጥ ጥቃቅን ጎጆዎች ይሠራል። ማስጀመሪያው ከሙቀቱ የተነሣ ይሰበርና እንቅስቃሴ የሚጀምሩ ቁርጥራጮች ይለቃል። እነሱ ጎጆው ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ኳስ ትወለዳለች። ትልልቆቹ የሞኖመር ጠብታዎች መጋዘን ብቻ ናቸው፤ ከነሱ እየሟሟ በውሃው ውስጥ አልፎ ኳሷን ይመግባታል። ይህን ሥዕል ኬሚስቱ ሃርኪንስ በ1947 አስቀመጠው። በማግስቱ ዓመት ስሚዝና ኢዋርት ሒሳቡን ሠሩለት። በነሱ ስሌት ሳሙናውን እጥፍ ብታደርጉ የኳሶቹ ቁጥር እጥፍ አይሆንም፤ ወደ አንድ ጊዜ ተኩል ያድጋል። ለስታይሪን ስሌቱ ጥሩ ይሠራል። ውሃ ውስጥ ደህና አድርጎ ለሚሟሟ እንደ ቫይናይል አሲቴት ላለ ሞኖመር ግን ያን ያህል አትመኑት።

«የቅንጣት መዋቅር» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ኳሷ ውስጥ ምን የት ተቀመጠ ማለት ነው። ዶሮ ወጥን አስቡ። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ዶሮ፤ ዕቃው ያው ነው። ግን ሁሉንም አንድ ላይ ብረት ድስት ውስጥ ጥዶ ወጥ ሠራሁ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ላቴክስም እንዲሁ ነው። ሁለት በርሜል ላይ አንድ ዓይነት ሞኖመር፣ በአንድ ዓይነት መጠን ሊጻፍ ይችላል። አንዱ ጥሩ ቀለም ይወጣዋል፣ ሌላው የሚጣበቅ ጉድ ይሆናል። ልዩነቱ ምን መቼ ገባ፣ በምን ፍጥነት ገባ የሚለው ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ፖሊመር፣ ማለትም ሞኖመሮቹ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት፣ ሁሉ ከጠንካራ መስታወት መሰል ወደ ለስላሳ ጎማ መሰል የሚለወጥበት ሙቀት አለው። እኛ በአጭሩ ቲጂ እንለዋለን። የፖሊሜታይል ሜታክሪሌት ቲጂ ወደ 105 ዲግሪ ነው። የፖሊቡታይል አክሪሌት ደግሞ ከዜሮ በታች ወደ 54 ነው። ሁለቱን በክብደት እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ አንድ ላይ ብታስገቡ አማካዩ 25 ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ቀመሩ የሚሠራው በኬልቪን (ዲግሪው ላይ 273 ተደምሮ) ተገልብጦ ነው፤ ግማሽ ለ378 ሲካፈል፣ ሲደመር ግማሽ ለ219 ሲካፈል። ውጤቱ ሲገለበጥ 277 ኬልቪን ይመጣል፣ ማለትም 4 ዲግሪ። ወጥነት ያለው፣ በክፍል ሙቀት ለስላሳ የሆነ ፖሊመር አገኛችሁ።

አሁን ያንኑ ዕቃ በየተራ አስገቡት። መጀመሪያ ጠንካራውን፣ ቀጥሎ ለስላሳውን። አስኳሉ ጠንካራ፣ ቅርፊቱ ለስላሳ የሆነ ኳስ ይወጣል። ሙቀት መለኪያ መሣሪያው ላይ ስታስቀምጡት አንድ ቲጂ ሳይሆን ሁለት ያሳያችኋል። (በተግባር ቅርፊቱን ንጹሕ ቡታይል አክሪሌት የሚያደርግ የለም። እንደ ማስቲካ እጅ ላይ ይቀራል። ትንሽ ጠንካራ ሞኖመር ይቀላቀልበታል።)

ይህ ለቀለም ምን ይጠቅማል?

የውሃ ቀለም ግድግዳ ላይ ሲቀባ ውሃው ይተናል። ኳሶቹ ይጠጋጋሉ፣ ይጨፈለቃሉ፣ ከዚያ ተዋሕደው አንድ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። እንዲዋሐዱ ለስላሳ መሆን አለባቸው። ከደረቁ በኋላ ግን ጠንካራ እንዲሆኑ ትፈልጋላችሁ። አለበለዚያ አቧራ ይይዛሉ። በር ተቀብቶ ሲዘጋ ከጉበኑ ጋር ይጣበቅና ሲከፈት ቀለሙ ተልጦ ይመጣል።

የድሮው መላ ጠንካራ ኳስ ሠርቶ ለጊዜው የሚያለሰልስ ፈሳሽ መጨመር ነው። ፈሳሹ ቀስ ብሎ ይተናል። አዲስ የተቀባ ክፍል ውስጥ ለቀናት የሚቆየው ሽታ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። አስኳልና ቅርፊት ያለው ኳስ ግን ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ለስላሳው ቅርፊት ይዋሐዳል፣ ጠንካራው አስኳል ጥንካሬውን ይሰጣል። የማለስለሻውም መጠን ይቀንሳል።

ተገላቢጦሹስ? ለስላሳ አስኳል፣ ጠንካራ ቅርፊት?

እሱም ትልቅ ገበያ አለው፤ ግን ለሌላ ሥራ። ደረቅ ፕላስቲክ ሲመታ እንዳይሰነጠቅ ውስጡ የጎማ ኳስ ይበተንበታል። የጎማው ኳስ ምቱን ይውጠዋል። ቅርፊቱ ደግሞ ከዋናው ፕላስቲክ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ይሠራል። የፒቪሲ መስኮት ፍሬም ውስጥ ያሉት የአክሪሊክ ኳሶች እንደዚህ ናቸው። የኮምፒውተር መያዣና የሄልሜት ፕላስቲክ የሆነው ኤቢኤስም በብዛት የሚሠራው ፖሊቡታዳይን አስኳል ላይ ሌላ ፖሊመር በማልበስ ነው።

ሁለተኛው ሞኖመር ለምን በሥርዓት ላዩ ላይ ይቀመጣል?

ብዙ ጊዜ አይቀመጥም! የዚህ ሙያ ራስ ምታት እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ኃይሎች ይጓተታሉ። አንደኛው የተፈጥሮ ዝንባሌ ነው። ውሃ የሚወደው ፖሊመር ወደ ውጪ፣ ውሃ የሚጠላው ወደ ውስጥ መሄድ ይፈልጋል። ፖሊስታይሪን ውሃ ይጠላል። ፖሊሜታይል ሜታክሪሌት ከሱ ይልቅ ውሃ ይቀርባል። ስለዚህ የስታይሪን አስኳል ላይ ሜታክሪሌት ማልበስ ከዝንባሌው ጋር መሄድ ነው። ተገላቢጦሹን ስትሞክሩ ግን ኋላ የገባው ስታይሪን ወደ ውስጥ ሊሰምጥና አስኳሉና ቅርፊቱ ቦታ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ወይም መንገድ ላይ ይቀራል። ያኔ ግማሽና ግማሽ የሆነ ኳስ፣ ጉብ ጉብ ያለበት እንጆሪ መሰል ኳስ፣ ወይም እንደ ዘቢብ ዳቦ ውስጡ ፍሬ የተበተነበት ኳስ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው ኃይል መንቀሳቀስ መቻልና አለመቻል ነው። ዝንባሌው ምንም ቢሆን ሰንሰለቶቹ መሄድ ካልቻሉ የትም አይደርሱም። ይህን ነው የምንጠቀምበት። ሁለተኛውን ሞኖመር በቀስታ፣ ጠብ ጠብ እያደረግን እናስገባለን። እንደገባ ወዲያው ስለሚያልቅ ኳሷ ውስጥ ተጠራቅሞ አያለሰልሳትም። ኳሷ ሁልጊዜ የተራበች ናት ማለት ነው። አስኳሉ በሪአክተሩ ሙቀት ጠጣር ከሆነ አዲሱ ሰንሰለት ዘልቆ መግባት ያቅተዋል። በዚያ ላይ ፐርሰልፌት የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ጭራ ይተዋል። ጭራው ውሃውን ስለሚወድ ጫፉን ላይኛው ገጽ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። አስኳሉ ሲሠራ ትንሽ አሊል ሜታክሪሌት (ሁለት መያያዣ ክንድ ያለው ሞኖመር) ከተጨመረ ደግሞ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። የሚተርፈው የአሊል ክንድ ቅርፊቱን ይይዛል።

ተማሪ ሳለሁ የፓምፑን ቁጥር አሳስቼ ለአራት ሰዓት የተመደበውን ሞኖመር በሃያ ደቂቃ ጨርሼው አውቃለሁ። ቴርሞሜትሩ ሽቅብ ሲሮጥ በረዶ ፍለጋ ፎቅ ወርጄ ስመለስ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ ነበር። ላቴክሱ ነጭ ነው፣ አልረጋም፣ ሽታ የለውም። ደስ አለኝ። በሳምንቱ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ኳሶቹ ቅርፊት አልለበሱም፤ አንድ ጎናቸው ጥቁር፣ አንድ ጎናቸው ነጭ። ከዚያ ወዲህ ፓምፕ ሁለት ጊዜ ሳላይ አላስነሣም።

የቅርፊቱን ውፍረት እንዴት ትወስናላችሁ?

በሒሳብ። ቀላል ነው፤ ግን አእምሮን ያታልላል። የኳስ ይዘት በስፋቷ ሦስተኛ ኃይል ያድጋል። 200 ናኖሜትር አስኳል ላይ ሃያ ናኖሜትር ቅርፊት ልታለብሱ ነው እንበል። ስፋቱ 240 ይሆናል። 1.2 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.73 ነው። ስለዚህ የቅርፊቱ ዕቃ የአስኳሉን 73 በመቶ ያህላል። ስስ የሚመስለው ልብስ ከጠቅላላው 42 በመቶ ነው።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ግን የኳሶቹ ቁጥር ካልተለወጠ ነው። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካ ቁጥራቸው የታወቀ ትናንሽ ኳሶችን እንደ ዘር ይጠቀማል። ባለ 50 ናኖሜትር ዘር 200 እንዲደርስ 64 ጊዜ ማደግ አለበት፤ ለአንድ ኪሎ ዘር 63 ኪሎ ሞኖመር። ጠላቱ መሐል ላይ የሚወለድ አዲስ ኳስ ነው። ሳሙና ከበዛ ሞኖመሩ ዘሩን ትቶ የራሱን ጎጆ ይሠራል። ሳሙና ካነሰ ደግሞ ኳሶቹ ይያያዙና ይረጋሉ። በሁለቱ መሐል ያለው መንገድ ጠባብ ነው።

ላቴክስ ለምን ይረጋል?

ቅቤ ሲናጥ አይታችኋል? ቅሉ ውስጥ የስብ ኳሶች እየተጋጩ፣ ልብሳቸው እየተቀደደ፣ ተያይዘው ቅቤ ይሆናሉ። ላቴክስም ፓምፕ ሲያጣድፈው ወይም ማማሰያ ሲበዛበት ራሱን ይንጣል። ሪአክተሩ ግድግዳ ላይ የተጋገረ ነጭ ነገር ታገኛላችሁ። ማንም መቆፈር አይወድም።

ሁለተኛው መንገድ ጨው ነው። ኳሶቹን የሚያራርቃቸው ላያቸው ላይ ያለው ተመሳሳይ ሙል ነው። ካልሲየም ያለበት ውሃ ሲጨመር ያ የኤሌክትሪክ ሙል ይሸፈንና ይጠጋጋሉ። ወተት ላይ ሎሚ እንደመጭመቅ ነው። ለዚህ ነው የተጣራ ውሃ የምንጠቀመው። ላያቸው ላይ ውሃ ወዳድ ረጃጅም ሰንሰለት ያለበሳችኋቸው ኳሶች ግን ጨውም ሆነ ውርጭ ሲመጣ የተሻለ ይችላሉ።

ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ለኔ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው። ሮም ኤንድ ሃስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1980ዎቹ ሮፓክ በሚል ስም ገበያ ላይ አወጣው።

አስኳሉ ሜታክሪሊክ አሲድ የበዛበት ሆኖ ይሠራል። ላዩ ላይ የፖሊስታይሪን ቅርፊት ይለብሳል። ከዚያ በሙቅ ሳለ አሞኒያ ይጨመራል። አሞኒያው ዘልቆ አሲዱን ሲያገኘው አስኳሉ ውሃ እየጠጣ እንደ ባቄላ ያብጣል። ቅርፊቱ ያኔ ትኩስና ተለጣጭ ስለሆነ አብሮ ይለጠጣል። ሲቀዘቅዝ እንደተነፋ ይደርቃል። ቀለሙ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ውሃ በቅርፊቱ አልፎ ይወጣል። የሚቀረው አየር ነው።

አየር ምን ያደርጋል? ብርሃን ይበትናል። የፖሊስታይሪን የብርሃን መስበሪያ ቁጥር 1.59 ነው፣ የአየር 1። ልዩነቱ ለነጭነት በቂ ነው። ቀለምን ነጭ ከሚያደርገው ዱቄት፣ ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር አይወዳደርም፤ እሱ ወደ 2.7 ነው። ግን ቲታኒየም ውድ ነው። ከሱ የተወሰነውን በአየር መተካት ማለት ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። አሞኒያው ቀድሞ ከገባ ቅርፊቱ ይፈነዳል። ዘግይቶ ከገባ አይነፋም። ለአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር፦ እኛ ጋ ክፍት ዕቃ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። የባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈን የ98 ዲግሪ አሠራር እንደወረደ መከተል አይቻልም።

ይህን ሁሉ በምን ታያላችሁ?

ስፋቱን በብርሃን ብተና እንለካለን፤ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ውስጡን ለማየት ግን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ችግር አለ። ሁለቱም ፖሊመሮች በአብዛኛው ካርቦን ስለሆኑ በማይክሮስኮፑ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ስለዚህ አንዱን እናቀልመዋለን። ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ ፖሊቡታዳይንን ያጠቁረዋል፣ ሩቴኒየም ቴትሮክሳይድ ስታይሪኑን። ሁለቱም መርዝ ስለሆኑ አየር መሳቢያ ሥር ብቻ። ለስላሳ ኳሶች ደግሞ ናሙናው የሚቀመጥበት መረብ ላይ እንደ ሊጥ ይዘረጋሉ፤ እነሱን አቀዝቅዞ ማየት ነው የሚሻለው። አንድ ሥዕል ብቻ አይቶ «ቅርፊት አለው» የሚል ሰው ግን አልወድም። ቢያንስ ቲጂውንም ይለካ።

ላቴክስ ጠፈር ላይ ተሠርቷል የሚሉት ቀልድ ነው?

አይደለም። ኳሶቹ ብዙ ማይክሮሜትር ሲደርሱ ምድር ላይ ወይ ይሰፍራሉ ወይ ይንሳፈፋሉ። እንዳይሰፍሩ ብታማስሉ ይረጋሉ። በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ቫንደርሆፍና ባልደረቦቹ ሪአክተራቸውን በ1982 በኮሎምቢያ መንኮራኩር ላኩት። ክብደት በሌለበት ኳሶቹ እኩል አደጉ። ባለ 10 ማይክሮሜትሮቹ ለማይክሮስኮፕ መለኪያነት ከ1985 ጀምሮ በአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ ተሸጡ። ጠፈር ላይ ተሠርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው ዕቃ ይባላል። ኖርዌያዊው ጆን ኡግልስታድ ግን ዘሩን አስቀድሞ በብዙ እንዲያብጥ የሚያደርግ ብልሃት አግኝቶ፣ እኩል የሆኑ ትልልቅ ኳሶችን እዚሁ ምድር ላይ ሠርቷቸዋል።

ቤቴን ካስቀባሁ ወር አልሞላውም፤ ግድግዳውን ስነካው ነጭ ዱቄት እጄ ላይ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ሁለት ነገር ልጠርጥር። አንደኛው ርካሽ ቀለም ነው። ኖራ መሰል ሙሌቱ በዝቶ ላቴክሱ ሲያንስ የሚይዘው ነገር አይኖርም። ቀቢው ውሃ አብዝቶ ካቀጠነውም ያው ነው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። እያንዳንዱ ላቴክስ ኳሶቹ የሚዋሐዱበት ዝቅተኛ ሙቀት አለው። ከዚያ በታች ውሃው ይተናል፣ ኳሶቹ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ይቀራሉ። አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ቀን ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ማንም ይህን አያስብም። አመሻሽ ላይ የተቀባ የውጭ ግድግዳ ሌሊቱን ነው የሚደርቀው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ግድግዳው ከሞቀ በኋላ ጀምሩ በሏቸው። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ አቁሙ። ቀቢው ቢያኮርፍም።

ይህን ቤቴ ውስጥ ማየት እችላለሁ?

ነጭ የአናጺ ኮላ ግዙ። እሱም ላቴክስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊቫይናይል አሲቴት። አንድ ጠብታ ብርጭቆ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ሌላ ጠብታ ሌላ ብርጭቆ ላይ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ኮላውንና ብርጭቆውን ቀደም ብላችሁ ብታቀዘቅዟቸው ይሻላል። በማግስቱ የጠረጴዛው ጠብታ ነጭነቱን ጥሎ እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ ጥፍር አይበግረውም። የፍሪጁ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። ኮላው ብርድ የማይችል ዓይነት ከሆነ ነጭ እንደሆነ ይደርቅና በጥፍር ስትጭሩት እንደ ጠመኔ ይረግፋል።